«የአንጎል ኬሚካል ጎድሎብሃል» የሚለው አባባል ከየት መጣ? እውነትስ ነው ወይ?



የድብርት መድኃኒት ከሚወስዱ ታካሚዎችና ከቤተሰቦቻቸው ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጡብኛል። አንደኛው፦ «ዶክተር፣ የአንጎሌ ኬሚካል ጎድሏል ተብዬ ነበር፤ እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ልውጥ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ «ያ ሴሮቶኒን የሚባለው ነገር ውሸት ነው ተባለ አይደል? ታዲያ ልጄ መድኃኒቱን ለምን ትወስዳለች? ላስቁማት?» የሚል ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ተቃራኒ ቢመስሉም የአንድ ዓረፍተ ነገር ልጆች ናቸው፤ «ድብርት ማለት የአንጎል ኬሚካል መዛባት ነው» የሚለው። አንዱ ታካሚ ዓረፍተ ነገሩን አምኖ ተስፋ ቆረጠ። ሌላው ዓረፍተ ነገሩ መውደቁን ሰምቶ መድኃኒቱን ሊጥል ነው። የሁለቱም ጤና አደጋ ላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ምልክቶችና ስለ ክኒኖች ከመዘርዘር ይልቅ የዚህን ዓረፍተ ነገር ታሪክ ልንገራችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ከሁሉም በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፦ አንድ መድኃኒት መሥራቱና ለምን እንደሚሠራ የተሰጠው ማብራሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማብራሪያው ቢወድቅ መድኃኒቱ አብሮ አይወድቅም። መድኃኒቱ ስለሠራም ማብራሪያው እውነት ነበር ማለት አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቲቢ ክፍል ነው

ዘመኑ 1952 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኒውዮርክ ከተማ፣ ስታተን አይላንድ በሚባለው ክፍል፣ ሲ ቪው የተባለ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ነበር። እዚያ ሁለት አዳዲስ መድኃኒቶች ይሞከሩ ነበር። አንዱ አይሶናያዚድ ነው። ይህን ስም ከእናንተ ብዙዎቹ ታውቁታላችሁ። ዛሬም በጤና ጣቢያዎቻችን ለቲቢ ሕክምና፣ ቫይረሱ በደማቸው ላለ ሰዎች ደግሞ ቲቢን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት እሱ ነው። ሁለተኛው የእሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው አይፕሮናያዚድ ነበር።

አይፕሮናያዚድ የወሰዱት ሕሙማን ላይ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ለወራት አልጋ ላይ ጸጥ ብለው የተኙ ሰዎች የምግብ ፍላጎታቸው ተከፈተ፤ መጫወትና መሳቅ ጀመሩ። በመተላለፊያው ላይ ሲጨፍሩ የሚያሳይ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ይህ እንደ መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነበር የታየው። የተፈለገው የሳንባ መድኃኒት እንጂ የስሜት መድኃኒት አልነበረምና።

በዚያው ዓመት ኧርነስት ዜለር የተባለ ተመራማሪ አይፕሮናያዚድ በሰውነታችን ውስጥ ያለን አንድ ኢንዛይም እንደሚያግድ አገኘ። ይህ ኢንዛይም የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸውን አንዳንድ ኬሚካሎች የሚሰባብር ነው። ሰባሪው ሲታገድ ኬሚካሎቹ ይበዛሉ። በ1957 ናታን ክላይን የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መድኃኒቱን ቲቢ ለሌላቸው፣ በድብርት ለተያዙ ሰዎች ሰጥተው ለውጥ ማየታቸውን አስታወቁ። መድኃኒቱ በፍጥነት ተስፋፋ። ነገር ግን በአንዳንዶች ላይ ጉበት እየጎዳ ዓይን ቢጫ ስለሚያደርግ በ1961 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ።

ሁለተኛውም በአጋጣሚ ነው

በተመሳሳይ ጊዜ በስዊዘርላንድ፣ ሙንስተርሊንገን በምትባል ትንሽ ቦታ ባለ የአእምሮ ሆስፒታል፣ ሮላንድ ኩን የተባሉ ሐኪም ጋይጊ ከተባለው ኩባንያ የመጣ አዲስ ንጥረ ነገር ይሞክሩ ነበር። የተፈለገው ለስኪዞፍሬኒያ ነበር። ለስኪዞፍሬኒያ ግን አልረባም። እንዲያውም አንዳንዶቹን ታካሚዎች አቅበጠበጣቸው። ኩን በ1956 መድኃኒቱን በከባድ ድብርት ለተያዙ ሰዎች ሰጡ። ከሳምንታት በኋላ ታካሚዎቹ ተነሥተው ማውራት፣ መብላት፣ መተኛት ጀመሩ። ውጤቱ በ1957 ታተመ። መድኃኒቱ ኢሚፕራሚን ተባለ።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለድብርት፣ ለማይግሬን መከላከያ ወይም ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ታዞላችሁ ከነበረ፣ የኢሚፕራሚን ታናሽ ወንድም ወስዳችኋል ማለት ነው። ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለቱም የመጀመሪያ የድብርት መድኃኒቶች የተገኙት «ድብርት የእንትን ኬሚካል ጉድለት ነው፤ እንሙላው» ተብሎ አይደለም። ሐኪሞችና ነርሶች ታካሚውን አይተው፣ «ይህ ሰው ተሻለው» ብለው ነው። ማብራሪያው የመጣው ኋላ ነው።

ከመድኃኒቱ ወደ መላ ምት

ሐኪሞች ለውጡን ካዩ በኋላ «ለምን?» ብለው ጠየቁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎል ሴሎች መካከል ያሉትን እንደ ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን ያሉ ኬሚካሎች ይጨምራሉ። በሌላ በኩል ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረው ሪሰርፒን የተባለ መድኃኒት እነዚህኑ ኬሚካሎች ይቀንሳል። የወሰዱትን አንዳንድ ሰዎችም ድብርት ውስጥ ይከታል ተብሎ ነበር። ሲጨመሩ ከተሻለ፣ ሲቀነሱ ከባሰ፣ ምናልባት ድብርት ራሱ የእነዚህ ኬሚካሎች ማነስ ይሆን?

በ1965 ጆሴፍ ሺልድክራውት የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ይህን ሐሳብ በኖርአድሬናሊን ዙሪያ አደራጅተው አሳተሙ። በ1967 ደግሞ በእንግሊዝ አሌክ ኮፐን ወደ ሴሮቶኒን ያመዘነ ጽሑፍ አወጡ። ልብ በሉ፦ ሺልድክራውት ራሳቸው በጽሑፋቸው ውስጥ ይህ ሐሳብ በጣም ውስብስብ የሆነን ነገር ከመጠን በላይ ያቀለለ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ አስጠንቅቀዋል። ያቀረቡት መላ ምት ነበር። መላ ምት ማለት «እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ እንመርምረው» ማለት ነው።

ችግሩ የት ላይ እንደሆነ በቀላል ምሳሌ ላሳያችሁ። ራሳችሁን ሲያማችሁ ፓራሲታሞል ትወስዳላችሁ፤ ይሻላችኋል። ታዲያ ራስ ምታታችሁ የመጣው በደማችሁ ውስጥ ፓራሲታሞል ስለጎደለ ነው? አይደለም። መድኃኒት የሚሠራበት መንገድ የሕመሙን መነሻ አይነግረንም።

ሌሎች ቀዳዳዎችም ነበሩ። መድኃኒቶቹ ኬሚካሎቹን በሰዓታት ውስጥ ይጨምራሉ፤ ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ጉድለቱን መሙላት ብቻ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ በተሻለን ነበር። ደግሞም የጤነኛ ሰዎችን ሴሮቶኒን ሆን ብለው በአመጋገብ ዝቅ ያደረጉ ሙከራዎች አብዛኞቹን ሰዎች ድብርት ውስጥ አልከተቱም። የሪሰርፒኑ ነገርም በኋላ እንደገና ሲፈተሽ እንደታሰበው ጠንካራ ሆኖ አልተገኘም።

ተመራማሪዎች ይህን ያውቁ ነበር። ታዲያ መላ ምቱ እንዴት «እውነት» ሆኖ እናንተ ዘንድ ደረሰ?

ከመላ ምት ወደ ማስታወቂያ

በታኅሣሥ 1987 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፍሉኦክሲቲንን ፈቀደ። ኢላይ ሊሊ የተባለው ኩባንያ ፕሮዛክ ብሎ የሸጠው መድኃኒት ነው። በሴሎች መካከል ያለውን ሴሮቶኒን ለይቶ የሚጨምር ነው። ከቀድሞዎቹ ይልቅ ለልብ አደጋው የቀነሰ፣ ከመጠን በላይ ቢወሰድም የመግደል ዕድሉ ያነሰ ስለነበር እውነተኛ እርምጃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የክኒኑ ፎቶ የታወቀ የአሜሪካ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ከዚያ በ1997 ያው ባለሥልጣን መድኃኒቶችን በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን የሚያቀል መመሪያ አወጣ። በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥን መድኃኒት በስሙ ለሕዝብ ማስተዋወቅ በሰፊው የሚፈቀደው በዓለም ላይ በሁለት አገሮች ብቻ ነው፤ በአሜሪካና በኒውዚላንድ። አሜሪካ ያላችሁ ተከታታዮቻችን በየዜናው መሃል የምታዩት ማስታወቂያ የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዞሎፍት (ሰርትራሊን) የተባለው መድኃኒት ማስታወቂያ በጣም ታወቀ። እንቁላል የመሰለች አንዲት ነጭ ፍጡር ደመና ራሷ ላይ ቆሞ ትተክዛለች። ድምፁ የድብርት መነሻ እንደማይታወቅ፣ ግን በአንጎል ውስጥ ካለ የኬሚካል መዛባት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ይናገራል። ወዲያው ደግሞ መድኃኒቱ ይህንኑ መዛባት እንደሚያስተካክል ይገልጻል። አያችሁ? «ሊሆን ይችላል» ብሎ ጀምሮ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር «እናስተካክለዋለን» አለ። ሰው የሚያስታውሰው ሁለተኛውን ነው። በ2005 ጄፍሪ ላካስና ጆናታን ሊዮ የተባሉ ምሁራን ማስታወቂያዎቹ የሚሉትንና የሳይንስ ጽሑፎቹ የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጠው በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት መኖሩን አሳዩ።

እኛ አገር እንዲህ ያለ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አልነበረም። አባባሉ ግን እኛም ዘንድ ደርሷል። አጭር ስለሆነ፣ ሳይንሳዊ ስለሚመስል፣ ለማስረዳትም ስለሚቀል ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ገባ። «ኬሚካል ነው» ማለት ለተጨነቀ ቤተሰብ ቶሎ የሚገባ መልስ ነበር።

አባባሉ ምን ጠቀመን? ምን ጎዳን?

እውነቱን ለመናገር ጥቅም ነበረው፤ በተለይ ለእኛ። በእኛ ማኅበረሰብ የአእምሮ ሕመም ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጡት ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እርግማን፣ ቡዳ፣ ዛር፣ የሰው ዓይን፣ «የሠራው ሥራ ነው»። ወይም ደግሞ ስንፍና፣ ቅንጦት፣ ጥጋብ። «ድብርት» የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ሥራ ይዟል። ፊልም ሲሰለቸን «ደበረኝ» እንላለን፤ ከአልጋ መነሣት ያቃተውን ሰውም «ድብርት ያዘው» እንላለን። ስለዚህ ቤተሰብ «ወጣ በል፣ ትንሽ ተናፈስ፣ ያልፋል» ቢል አይፈረድበትም፤ ቃሉ ራሱ አቅልሎታል። በዚህ መሃል «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የእናትህም አይደለም፤ ሕመም ነው» የሚል ድምፅ መሰማቱ ብዙ ሰው ከወቀሳ አሳርፏል። ሰው ወደ ሕክምና እንዲመጣም ረድቷል።

ይሁን እንጂ ያልጠበቅነው ነገርም አለ። በአሜሪካ በ1996 እና በ2006 ተመሳሳይ ጥያቄ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። ድብርት የአንጎል ጉዳይ ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች ከ54 በመቶ ወደ 67 በመቶ ከፍ ብለዋል። ሕክምናን የሚደግፈውም ሰው በዝቷል። ነገር ግን ከታማሚው ጋር ጎረቤት ለመሆን፣ አብሮ ለመሥራት፣ በጋብቻ ለመዛመድ ያለው ፈቃደኝነት አልተሻሻለም። መገለሉ ባለበት ቀረ።

ሌሎች ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። «አንጎሉ ውስጥ ያለ ብልሽት ነው» የሚለው ማብራሪያ ወቀሳን ይቀንሳል። ግን «ታዲያ አይድንም ማለት ነው» የሚለውን ተስፋ መቁረጥም ይጨምራል፤ ታማሚውን የተለየ ፍጥረት አድርጎ ማየትንም ያመጣል። በእኛ ቋንቋ ስናወራው፦ ጋብቻ የሚያስቡ ቤተሰቦች «እርግማን አለባቸው» ብለው ይሸሹ የነበረውን ያህል «በዘራቸው ነው» ብለውም ሊሸሹ ይችላሉ። ስሙ ተቀየረ እንጂ በሩ አልተከፈተም።

መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩላችሁ «ዕድሜ ልኬን ልውጥ ነው?» የሚለው ጥያቄም ከዚህ የመጣ ነው። ጉድለት አለብህ የተባለ ሰው ራሱን ቀዳዳ እንዳለው ጀሪካን ያያል፤ ሁልጊዜ መሞላት ያለበት። እውነቱ ግን ብዙ ሰው ከድብርት ይድናል። ብዙዎችም መድኃኒቱን በጊዜው፣ ከሐኪም ጋር ያቆማሉ።

2022፦ ወሬው ተገለበጠ

በሐምሌ 2022 በለንደን የሚሠሩት የአእምሮ ሐኪም ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቻቸው በሴሮቶኒንና በድብርት ላይ የተደረጉ ለዓመታት የተከማቹ ጥናቶችን አንድ ላይ ገመገሙ። ድምዳሜያቸው፦ ድብርት የሚመጣው በሴሮቶኒን ማነስ ነው የሚለውን የሚደግፍ ወጥ ማስረጃ የለም። ይህ ለብዙ ተመራማሪዎች አዲስ ዜና አልነበረም። ለሕዝቡ ግን ነጎድጓድ ነበር። «የድብርት መድኃኒት ማታለል ነው» የሚሉ ርዕሶች በየቦታው ወጡ፤ አንዳንዶቹም በአማርኛ።

ግምገማው ምን እንዳላለ መናገር ያስፈልጋል። «ድብርት የሚባል ሕመም የለም» አላለም። መድኃኒቶቹ ይሠራሉ ወይስ አይሠሩም የሚለውንም አልመረመረም፤ ጥያቄው ሌላ ነበር። «በድንገት አቁሙ» የሚል ምክርም የለውም። ሞንክሪፍ በመድኃኒቶቹ ጥቅም ላይ ጥርጣሬ ካላቸው ባለሙያዎች አንዷ ናቸው፤ እሳቸው እንኳ በድንገት ማቆም አደገኛ መሆኑን ያስጠነቅቃሉ።

መድኃኒቶቹ ይሠራሉ ወይ የሚለውን የመረመረው ትልቁ ሥራ በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። 522 ሙከራዎችን፣ 116,477 አዋቂ ታካሚዎችን፣ 21 መድኃኒቶችን አንድ ላይ አየ። ሁሉም መድኃኒቶች ፕላሴቦ ከሚባለው፣ ማለትም ውስጡ መድኃኒት ከሌለው ተመሳሳይ ክኒን፣ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሲቲንም ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። ግን ልዩነቱ በአማካይ መጠነኛ ነው፤ አብዛኞቹ ሙከራዎችም የተከታተሉት ለጥቂት ሳምንታት ነው። አንዱን ሰው ከሞት አፋፍ ይመልሳሉ፤ ሌላውን ጥቂት ይረዳሉ፤ ሌላውን ደግሞ አይረዱም። ተአምር አይደሉም፤ ማታለልም አይደሉም።

ታዲያ ድብርት ምንድን ነው?

አንድ መነሻ የለውም። ከቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። የልጅነት ጉዳት፣ ሐዘን፣ ጦርነትና መፈናቀል፣ ሥራ ማጣት፣ የትዳር ችግር፣ በባዕድ አገር ብቸኝነት አለ። የወሊድ ጊዜ አለ። እንደ ታይሮይድ መዛባት፣ ደም ማነስ፣ ስኳርና የማያቋርጥ ሕመም ያሉ የሰውነት ችግሮች አሉ። አልኮልና ጫት አሉ። እነዚህ ሁሉ እንቅልፍን፣ የጭንቀት ሆርሞኖችንና የአንጎልን አሠራር ይነካሉ። ስለዚህ አንጎል ውስጥ ምንም የለም ማለት ስሕተት ነው፤ ሁሉ ነገር አንድ ኬሚካል ነው ማለትም ስሕተት ነው።

ሕመሙ የሚገለጥበት መንገድም የተለያየ ነው። ብዙ ሰው «አዝኛለሁ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ወገቤን»፣ «ጨጓራዬን»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ከሁለት ሳምንት በላይ ደስታ ከጠፋ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ጉልበት ካለቀ፣ ሥራና ትምህርት ከተስተጓጎለ ይህ «ደበረኝ» አይደለም፤ ምርመራ ይፈልጋል።

መነሻው ብዙ ስለሆነ መፍትሔውም ብዙ ነው። ቀለል ላለ ድብርት የንግግር ሕክምና፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የእንቅልፍ ሥርዓትና የቤተሰብ ድጋፍ ብቻቸውን ሊበቁ ይችላሉ። መካከለኛና ከባድ ሲሆን መድኃኒት ትልቅ ቦታ አለው፤ ከንግግር ሕክምና ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ። ጸሎት፣ ጠበል፣ ዱዓ ለሚያምንበት ሰው ብርታት ናቸው፤ ከመድኃኒት ጋር አብረው ይሄዳሉ። መድኃኒት አስጥሎ የሚደረግ ከሆነ ግን አደጋ አለው።

መድኃኒት ለምትወስዱ

1. በራሳችሁ በድንገት አታቁሙ። ሱስ ባይባሉም ሰውነት ይለምዳቸዋል። በድንገት ሲቆሙ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጡነት፣ ራስ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነዘረ የሚመስል ስሜት ሊመጣ ይችላል። ሰው ይህን «ሕመሜ ተመለሰ» ብሎ ይተረጉመዋል።

2. ጊዜ ስጡት። ለውጥ ለማየት ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን መጀመሪያ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚጥለው በዚህ መሃል ነው።

3. መቼ እንደሚቆም ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር፣ ብዙ ጊዜም ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመከራል። ከዚያ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ደጋግሞ የሚመለስበት ሰው ረዘም ሊያስፈልገው ይችላል።

4. ከዚህ በፊት ያለ ልክ የመደሰት፣ ያለ እንቅልፍ ቀናት የመቆየት፣ ገንዘብ የመበተን ጊዜ ከነበራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ባይፖላር ሊሆን ይችላል፤ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል።

ለወላጆች

የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2004 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ለልጆችና ለታዳጊዎች ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። ምክንያቱም በሙከራዎቹ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ መድኃኒት በወሰዱት ላይ ከ100 በ4ቱ፣ ፕላሴቦ በወሰዱት ላይ ከ100 በ2ቱ ስለታየ ነው። በሙከራዎቹ ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ ልጅ አልነበረም። በ2007 ማስጠንቀቂያው እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ሰፋ። ይህ ማለት መድኃኒቱ ይከልከል ማለት አይደለም፤ ሳይታከም የቀረ ከባድ ድብርትም ይገድላል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ ሲቀየር ልጁን ከዓይናችሁ አታርቁ ማለት ነው። መቅበጥበጥ፣ ድንገተኛ ቁጣ፣ እንቅልፍ ማጣት ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ አምጡት።

መድኃኒቱን የምትይዙት እናንተ ሁኑ፤ ቆልፉበት። በተለይ አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ሊያቆም ይችላል። የተባይ ማጥፊያ ቤት ውስጥ ካለ እሱም ይቆለፍ፤ ቢቻል ከቤት ይውጣ።

ልጃችሁን «ስለ መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ብቻውን አትተዉት፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስለ አእምሮ ሕመም ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ

አንደኛ፦ የሚወራው ስለ መነሻው ነው ወይስ ስለ ሕክምናው? ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ሰው የሚጎዳው። ሁለተኛ፦ «ሊሆን ይችላል» የነበረው በመንገድ ላይ «ነው» ሆኗል? ሦስተኛ፦ ይህን ከሰማሁ በኋላ ላደርገው ያሰብኩት ነገር አለ? ካለ፣ ከማድረጋችሁ በፊት የሚያውቃችሁን ሐኪም አማክሩ።

ለልጃችሁ ወይም ለራሳችሁ የምትናገሩት ዓረፍተ ነገር ካስፈለጋችሁ ደግሞ ይህን ውሰዱ፦ «ይህ ሕመም ነው፤ መነሻው ብዙ ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የሚረዳ ሕክምና አለው።» እንደ «ኬሚካል» አጭር አይደለም። ግን እስከምናውቀው ድረስ እውነት ነው።

መድኃኒቱን ለማቆም የሚያስብ ሰው በአጠገባችሁ ካለ ይህን ጽሑፍ ላኩለት፤ ቀጠሮውንም አስታውሱት።

መልካም ጤና ለሁላችሁ።